የአባባ ካርኒ፣ የጎረቤቴ ቆርቆሮ

ጎረቤቴ ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ቅዳሜ ቡና ሳፈላ እጠራቸዋለሁ። ድሮ አቦሉን ጠጥተው ብድግ ይሉ ነበር፤ አሁን በረካው ሳይደርስ ንቅንቅ የለም። ያደጉት ከሜልበርን በስተምዕራብ፣ በግ በሚረባበት አገር ነው። እኔ ደግሞ የመንዝ ልጅ ነኝ። ያግባባን በግ ነው።

አንድ ቅዳሜ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፈው መጡ። ውስጡ የአባታቸው ወረቀቶች ነበሩ። አንዷን መርጠው ሰጡኝ። ወረቀቷ ቢጫ ሆናለች፤ እጥፋቷ ላይ ልትቀደድ ደርሳለች። ከላይ የእርሻው ምልክት አለ። ከሥሩ የቦንዳው ብዛት፣ ክብደቱ፣ የሱፉ ዓይነት፣ ከዚያ በፔንስ የተጻፈ ዋጋ ተደርድሯል። አንዱ ቁጥር በእርሳስ ተከቧል።

"ይህን የከበበው አባቴ ነው" አሉኝ። "ዋጋው አናዶት ነበር።"

ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ገዢው የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። የገዛውም የአንድ እርሻ ሱፍ ብቻ አይደለም፤ የመላ አውስትራሊያን ነው። ወረቀቷን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ አያቴ አባባ ትዝ አሉኝ። አባባም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ነበራቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ማቆም አልቻልኩም። (የውጭዎቹን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በእኛ እጽፋለሁ።)

እኛ ሱፍ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሙሉ ሱፍ የለበሰ ሙሽራ ነው። ጦርነት ላይ ላለ መንግሥት ግን ሱፍ ማለት ካፖርት፣ ብርድ ልብስ፣ ካልሲና ሹራብ ነው። ሱፍ እርጥብ ሆኖም ይሞቃል። ጥጥ ይህ የለውም። ውሃ በቋጠረ ምሽግ ውስጥ ክረምቱን ለሚያሳልፍ ወታደር ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ጀርመን ይህን በ1941 መጨረሻ በደንብ አየችው። ወታደሮቿ በሩሲያ ብርድ ሲያልቁ፣ መንግሥቷ ሕዝቡን ካፖርትህን፣ ሹራብህን፣ የሱፍ ካልሲህን አምጣ ብሎ ከየቤቱ ሰበሰበ።

እንግሊዞች ግን ነገሩን ቀድመው ነበር ያሰቡበት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ኅዳር 1916፣ ለአውስትራሊያ አንድ ጥያቄ አቀረቡ። የዓመቱን ሱፍ በሙሉ ሽጡልን አሉ። በወቅቱ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሊ ሂዩዝ ነበሩ። የተስማሙበት ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ክብደት ያልታጠበ ሱፍ 15 ተኩል ፔንስ ነበር። ይህ ከጦርነቱ በፊት፣ በ1913/14 ከነበረው ዋጋ በ55 በመቶ ይበልጣል። ኒውዚላንድም በዚሁ ስሌት ሸጠች።

የድሮው የእንግሊዝ ገንዘብ ግራ ያጋባል። አንድ ፓውንድ 20 ሺልንግ፣ አንድ ሺልንግ 12 ፔንስ ነው። ስለዚህ አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ይሆናል። ክብደቱም ፓውንድ፣ ገንዘቡም ፓውንድ መባሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ቦንዳ ሱፍ 300 ፓውንድ ይመዝናል እንበል። በ15 ተኩል ፔንስ ሲሰላ 19 ፓውንድ ከ7 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ይመጣል። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርቼ ለጎረቤቴ አሳየኋቸው። "አባቴ ይህን ያህል ቢያገኝ አይናደድም ነበር" አሉ። ያሉበትን ምክንያት ቆይቼ ነው የተረዳሁት።

የገረመኝ ግን ዋጋው አይደለም። አሠራሩ ነው።

15 ተኩሉ ፔንስ አማካይ ነው። ሱፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ሜሪኖ ከሚባል የበግ ዝርያ የሚገኝ ቀጭንና ለስላሳ ሱፍ አለ፤ ሻካራም አለ። አሸዋ የበዛበት አለ፤ እሾህ የተሰገሰገበት አለ። ስለዚህ ጨረታው ቆመና በቦታው ገማቾች መጡ። እያንዳንዱን የሱፍ ክምር እያዩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ከተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ ጋር እያመሳከሩ ዋጋ ሰጡ። ግምቱ ሁሉ ተደምሮ አማካዩ ከ15 ተኩል እንዳይወርድ ነበር ስምምነቱ። ከጎደለ ይሞላል። ግምት ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ገንዘብ ለአርቢው ይከፈላል፤ ቀሪው የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ይሰጠዋል።

ይህን ሁሉ የሚመራ ማዕከላዊ የሱፍ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ውስጥ አርቢዎች ተወክለዋል። ደላሎችም፣ ገዢዎችም፣ የፋብሪካ ሰዎችም ነበሩበት። ሰብሳቢው ጆን ሂጊንስ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አርቢው ቢከፋው የሚጮኽበት ጠረጴዛ ነበረው ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ለሠራዊቱ ከሚፈልገው የተረፈውን ሱፍ ለሲቪል ነጋዴ አትርፎ ቢሸጥ፣ ከትርፉ ግማሹ ለአርቢዎቹ እንዲመለስ ተስማምተው ነበር። መንግሥት ገዝቶ ሲያበቃ "ካተረፍኩ እንካፈላለን" ሲል እኔ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጄን ይዤ በባቡር ጂሎንግ ሄድኩ። ከሜልበርን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጂሎንግ የሱፍ ከተማ ነበረች። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1915፣ መንግሥት የወታደር ጨርቅ የሚሠራ ፋብሪካ የከፈተውም እዚያ ነው። አሁን ብሔራዊ የሱፍ ሙዚየም አለባት። ሙዚየሙ ያለው በ1872 በጥቁር ድንጋይ በተሠራ አሮጌ የሱፍ መጋዘን ውስጥ ነው።

የድሮ የሱፍ መጋዘኖች ጣሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው የሚሠራው። መስታወቱ ወደ ደቡብ ያያል። እዚህ አገር ፀሐይ የምትሄደው በሰሜን በኩል ስለሆነ ደቡቡ ጥላ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ሱፍን ያሳምረዋል፤ ገዢን ያታልላል። ከደቡብ የሚገባው ብርሃን ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት ነው። የጠዋት ገዢና የከሰዓት ገዢ አንድ ዓይነት ሱፍ ያያሉ። ጣሪያው ሳይቀር ለፍትሕ ተብሎ የተሠራ መሰለኝ።

ልጄ የሜሪኖውን ጠጉር ጨበጠችና እጇን አሳየችኝ።

"እማዬ፣ ቅባት አለው!"

"የበጉ ነው። ከቆዳው የሚወጣ ነው።"

"የእማማም እንዲህ ነው?"

አይደለም። የእማማ ጠጉር ሻካራ ነበር፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። እማማ፣ የአባባ ባለቤት፣ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ የጥቁር በግ ጠጉር ትፈትል ነበር። እንዝርቱ ጭኗ ላይ ይሽከረከራል። ድሩና ማጉ ሲበቃ ሸማኔ ጋ ይሄዳል፤ ባና ሆኖ ይመለሳል። በእሱ ባና ነው ያደግነው። ቆዳ ይቆረቁራል። ግን የመንዝን ሌሊት ያለሱ ማደር አይታሰብም። ለአንገት የሚመች የሜሪኖ ሱፍ ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው።

ጎረቤቴ ገማቾቹ እንዴት እንደሚሠሩ በእጃቸው አሳይተውኛል። ልጅ ሆነው አይተዋል። ገማቹ ከቦንዳው ሆድ አንድ እፍኝ ይመዛል። ርዝመቱን ያያል። የጠጉሩን ቁጥርጥር ያያል፤ ብዙ ከሆነ ቀጭን ሱፍ ነው። ከዚያ ቀጭን ነዶ ነጥሎ በሁለት እጁ ጫፍና ጫፍ ይወጥራል። ጆሮው አጠገብ አድርጎ በጣቱ ይመታዋል። በጉ ዓመቱን ጠግቦ ከኖረ ጠጉሩ እንደ ክራር ክር ይደውላል። ድርቅ ወይም በሽታ ካለፈበት በመሃሉ ብጥስ ይላል። የበጉ ችግር ጠጉሩ ላይ ይጻፋል ማለት ነው። በመጨረሻ ሱፉ ሲታጠብ ስንት ከመቶ እንደሚተርፍ በዓይኑ ይገምታል። ቅባቱና አፈሩ ሲወጣ ከፊሉ ነውና የሚቀረው። በዚህ ግምት ትንሽ ከሳተ አርቢው ገንዘቡን ያጣል። የጎረቤቴ አባት ያቺን ቁጥር በእርሳስ የከበቧት ለዚህ ነው። "ሱፌ ከዚህ የተሻለ ነበር" ሲሉ ኖረው ሞቱ።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ጦርነትም አርቢዎቹ ብዙ ቅሬታ ነበራቸው። ዋጋው ሲቆረጥ ጥሩ ነበር። ጦርነቱ ሲረዝም ግን የዓለም ዋጋ ሸሽቶ ሄደ፤ የእነሱ 15 ተኩል እዚያው ቆመ። ነፃ ገበያ ቢኖር ብዙ እናተርፍ ነበር አሉ። ትክክል ናቸው፤ ግን ግማሹን ነው ያዩት። ባሕሩ በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ተሞልቶ ነበር። ያለው መርከብ ስንዴና ወታደር ይጭናል። ሱፉ በየወደቡ መጋዘን እስከ ጣሪያው ተከመረ። እንግሊዝ ደግሞ የምትከፍለው መርከብ ላይ ሲጫን ሳይሆን ሲገመት ነው። ገዢ ባይኖር ያ ሁሉ ሱፍ ከአርቢው ቤት ጋር አብሮ ይበሰብስ ነበር።

አሜሪካም የራሷን መንገድ ሞክራለች። በ1918 መንግሥት የአገሪቱን ሱፍ ጠቅልሎ ሲይዝ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1917 ቦስተን ገበያ ላይ የነበረውን ዋጋ ቆርጦ ሰጠ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ዊልሰን ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ በጎች አሰማርተው ነበር። ጠጉራቸው ተሸልቶ በጨረታ ተሸጠ፤ ለቀይ መስቀል ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ገባ።

ወደ አውስትራሊያ ልመለስ። ግዢው እስከ 1920 አጋማሽ ቀጠለ። ከዚያ የሱፍ ዋጋ ተንኮታኮተ። በእንግሊዝ እጅ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ቦንዳ በላይ ያልተሸጠ ሱፍ ነበር። ይህ ሁሉ በአንዴ ገበያ ላይ ቢወጣ አዲሱን የዓመቱን ሱፍ የሚያየው አይኖርም። ስለዚህ በ1921 ባውራ የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ለአርቢዎቹ ከሚደርሰው የትርፍ ድርሻ ከፊሉ በራሱ በሱፍ ተሰጣቸውና የማኅበሩ ባለድርሻ ሆኑ። ማኅበሩ የእንግሊዝንም የእነሱንም ሱፍ በትንሽ በትንሹ፣ ገበያው በሚችለው ልክ ለቀቀ። በ1924 ተሸጦ አለቀ። ገንዘቡ ሱፉን ለሰጡት ሰዎች ተመለሰ። ሰብሳቢው እዚህም ሂጊንስ ነበሩ።

በ1939 ጦርነት ሲነሳ ታዲያ ማንም ግራ አልተጋባም። በዚያው በመስከረም ወር እንግሊዝ ጦርነቱ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ለአንድ ሙሉ የሱፍ ዓመት የአውስትራሊያን ሱፍ ለመግዛት ተስማማች። ዋጋው በአውስትራሊያ ገንዘብ 13 ፔንስ ተኩል ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ነበር። ከጦርነቱ ዋዜማ ገበያ የተሻለ ነው። ግን ከ23 ዓመት በፊቱ 15 ተኩል ያንሳል! ያ የ300 ፓውንድ ቦንዳ አሁን ያወጣው 17 ፓውንድ ያህል ነው። የጎረቤቴ አባት ንዴት የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በ1942 ዋጋው 15 በመቶ ተጨመረበት።

ጦርነቱ ሲያልቅ ክምሩ ከ10 ሚሊዮን ቦንዳ በላይ ደርሶ ነበር። ለመሸጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል ተብሎ ተፈራ። እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ አንድ የጋራ ድርጅት አቁመው ልክ እንደ ባውራ ቀስ እያሉ ሸጡት። በ1951 አለቀ። ያልታሰበ ገዢ ስለመጣ ነው፤ የኮሪያ ጦርነት። አሜሪካ ሱፍ ለማከማቸት ተሯሯጠች። ከጨረታው ውጪ ለመግዛት ብትጠይቅም አርቢዎቹ ጨረታውን አልለቀቁም። ዋጋው አንድ ፓውንድ ሱፍ በአንድ ፓውንድ ብር እስኪባል ደረሰ፤ 240 ፔንስ ማለት ነው። እዚህ አገር ሽማግሌዎች ዛሬም ያንን ዓመት ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል።

ደብረ ብርሃን ስማር የኮሪያ ዘማች የነበሩ ጎረቤት ነበሩን። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ቡሳን የገባው በዚያው በ1951፣ በግንቦት ነው። "ጓሳ ላይ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ እዚያ ግን እንባዬ ጉንጬ ላይ ረጋ" ይሉን ነበር። ካፖርታቸውን በእጃቸው እያሳዩ፣ እዚህ ድረስ ይደርሳል ይሉናል። የአውስትራሊያን አርቢ ያበለጸገው ብርድ እኒያን አባት ነው ያንቀጠቀጠው።

አሁን ለጎረቤቴ አባት በፖስታ ስለመጣው ቼክ ልንገራችሁ። የአውስትራሊያ መንግሥት በ1948 ሕግ አወጣ። ከጦርነቱ ሱፍ ሽያጭ የተገኘው ትርፍ፣ በጦርነቱ ዘመን ሱፋቸውን ላስረከቡት ሰዎች በሰጡት ልክ ይከፋፈል የሚል ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ወረቀቶች ያኔ ነው የተፈለጉት። ጎረቤቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ፖስታውን ከፍተው ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀመጡና እንደገና አነበቡት። በዚያ ገንዘብ ለእናታቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተገዛ። እናታቸው የመጀመሪያውን ቀን ወንበር ስበው ሲሽከረከር ሲያዩ ዋሉ።

አባባም ወረቀት ነበራቸው ብያለሁ።

በእኛ በ1970ዎቹ ነው። አገሪቱ ጦርነት ላይ ናት። ኮታ የሚባል መጣ። ገበሬው በየዓመቱ ይህን ያህል ኩንታል በተቆረጠ ዋጋ ያስረክባል። ዋጋው ከገበያው በጣም ያንሳል። አባባ ገብሱን አህያ ላይ ጭነው፣ ሌሊት ተነስተው ይሄዳሉ። ሰልፉ ረጅም ነው። ሚዛኑን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። እሳቸው የሚያዩት ገብሱ ሲወርድ ብቻ ነው። ካርኒ ተቆርጦ ይሰጣቸዋል።

አንድ ዓመት በረዶ ማሳውን መታው። የሚሰጥ የለም። ኮታው ግን አልቀረም። አባባ ሁለት በግ ሸጡ። በበጎቹ ገንዘብ ገበያ ሄደው ገብስ ገዙ። ያንኑ ገብስ በረከሰ ዋጋ አስረከቡት። እማማ ይህን ስታወራ ድምጿን አትጨምርም። "አንዷ ጥቁሯ ነበረች" ትላለች። የባናው ጠጉር ከእሷ ነበር የሚመጣው። በዚያ ዓመት አልተሸለተችም።

ሁለቱ ነገር እኩል አይደለም፤ አውቃለሁ። የአውስትራሊያው አርቢ ሺህ በግ አለው፤ መሬቱም ከአቦርጂናል ሕዝብ የተነጠቀ ነው። አባባ ጥማድ በሬና ቁራሽ መሬት ነበራቸው። አንዱ የሚሸጠው ጠጉር፣ ሌላው የሚሸጠው የልጆቹን እንጀራ ነው። መንግሥት ዋጋ ሲቆርጥ ሁልጊዜ ያምራል ልልም አይደለም። እዚህ አገር ራሱ፣ በሰላም ጊዜ፣ ለሱፍ ዝቅተኛ ዋጋ ተቆርጦ የማይሸጥ ሱፍ ተከመረ፤ በ1991 ነገሩ ሲፈርስ መጋዘኖቹ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን ቦንዳ በላይ ነበር። ብዙ አርቢ ያኔ በጎቹን በጥይት ጨረሰ።

በጦርነት ጊዜ ገበሬ ረክሶ ቢሸጥ ይገባኛል። አባባም ይገባቸው ነበር። "ወታደሩም የሰው ልጅ ነው፤ ይብላ" ይሉ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የጎረቤቴ አባት የተናደዱባት ቁጥር መዝገብ ላይ ነበረች፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ያንን መዝገብ ከፍቶ ስማቸውን ፈለገ። የአባባን ስም ማን ፈለገ? በ1982 ኮታው ቀረ ተባለ፤ ሰው እፎይ አለ፤ በዚያው አለቀ። በበረዶው ዓመት ሁለት በግ የሸጠ ሰው እንደነበር የሚያውቅ መዝገብ የለም።

አባባ ግን ካርኒዎቹን አልጣሉም። የዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ፣ ከመጽሐፉ ኋላ፣ አጣጥፈው ያስቀምጡ ነበር። ልጅ ሆኜ ምንድን ናቸው ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ። "የመንግሥት ወረቀት አይጣልም ልጄ" ነው ያሉኝ።

ይህን ለጎረቤቴ ስነግራቸው ቡናቸውን አስቀመጡ። "አሁንም አሉ?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። በዚያው ሌሊት አጎቴ ጋ ደወልኩ። በማግስቱ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። አምስት ካርኒ። አንዱን አይጥ ጥጉን በልቶታል። ሐምራዊው ማኅተም ደብዝዟል፤ የአባባ ስም ግን ይነበባል፤ የኩንታሉም ቁጥር። ጎረቤቴ ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን በሁለት ጣታቸው አሰፉት። ፊደሉን ማንበብ አይችሉም። "ስሙ የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። አሳየኋቸው። ጣታቸውን እዚያው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ።

ከፎቶው ሥር አጎቴ ጽፎልኛል። "ዳዊቱን እናስጠርዘው ብለናል፤ ተገነጣጥሏል። እነዚህን ወረቀቶች እንጣላቸው ወይስ ትፈልጊያቸዋለሽ?"

አትጣሉ አልኩት። መልሳችሁ ማኅደሩ ውስጥ ክተቱልኝ።